የጥምቀት የቁልፍ መያዣ፦ የጋራ ሐሳባችን ረቂቅ

ፀሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። መነሻችን 120 የቁልፍ መያዣ በሙቀት ከሚኮማተር ፕላስቲክ ሠርቶ ለጥምቀት እንግዶች መሸጥ ነው። ከከተራ፣ ከጥር 10 በፊት ማለቅ ስላለበት ሙከራው በኅዳር፣ ሥራው በታኅሣሥ ይሁን። ሥዕሉን በተመለከተ የፋሲል ግንብና የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ የመላእክት ፊት ቀርበዋል። አስተያየት ስጡበት።

የሥራ ክፍል፦ መጀመሪያ መጠኑን እንወስን። ይህ ፕላስቲክ ፖሊስታይሪን ነው። ሲመረት ተለጥጦ ስለሚቀዘቅዝ ሙቀት ሲያገኝ ይሰበሰባል፤ ጎኑ ወደ 45 በመቶ ያህል ይወርድና 0.3 ሚሊ ሜትር የነበረው ውፍረት 1.5 ገደማ ይሆናል። 4 በ3 ሴንቲ ሜትር እንዲወጣ 9 በ7 አድርገን እንሳል። ከአንድ ኤ4 ቅጠል 8 ይወጣል፤ 15 ቅጠል ለሥራው፣ 3 ለሙከራና ለብልሽት፣ በድምሩ 18።

አንዳንዱ ቅጠል በአንድ አቅጣጫ ይበልጥ ይኮማተራል። ከየእሽጉ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ቆርጠን፣ በአንድ ጎኑ ቀስት ምልክት አድርገን፣ ካሞቅነው በኋላ ሁለቱን ጎኖች እንለካ። ልዩነት ካለ ሥዕሎቹ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ይቀመጡ፤ አለዚያ ግማሹ ግንብ ረዥም፣ ግማሹ ድብልብል ይሆናል።

ገንዘብ ያዥ፦ ቅጠል ከመግዛት የኬክ ማሸጊያ ክዳን ብንሰበስብስ?

የሥራ ክፍል፦ እትዬ፣ ጥርት ያለና ጠንካራ፣ የፕላስቲኩን ዓይነት በሚያሳየው የሦስት ማዕዘን ምልክት ውስጥ 6 ቁጥር ያለበት ከሆነ ይኮማተራል። 1 ቁጥር ያለበት ሌላ ዓይነት ነው፤ ይጣመማል እንጂ እንደዚህ አይሰበሰብም። ነጩ ፎም 6 ቁጥር ቢኖረውም አያገለግልም። ክዳን ግን ከክዳን ስለሚለያይ መጠኑ እኩል አይመጣም፤ ለልምምድ እንጂ ለሽያጭ አልደግፈውም።

አሠልጣኝ፦ አሠራሩ በረቂቁ ውስጥ በዝርዝር ይግባ። በባለ ቀለም እርሳስ የሚቀባው ፊት በ400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ አንዴ በቁም አንዴ በአግድም ይፈተግ፤ ለስላሳው ፊት እርሳስ አይዝም። ቀለሙ ሲሰበሰብ ስለሚጠቁር ሳስቶ ይቀባ። ቀዳዳው ከማሞቁ በፊት በወረቀት መብሻ ይበሳ፤ 6 ሚሊ ሜትሩ ወደ 2.7 ይወርዳል። ከጠርዙ ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ይራቅ፣ አለዚያ ይሰነጠቃል።

ኦቨኑ 160 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን። የእንጀራ ምጣድ ሙቀቱ ስለማይመጠን አይሆንም። ቅጠሉ በመጋገሪያ ወረቀት ላይ ተቀምጦ ይጠቀለላል፣ ከዚያ ራሱን ይዘረጋል። ብዙዎች በጥቅልሉ ጊዜ ደንግጠው ያወጡታል፤ ሥራው የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው። ከተዘረጋ በኋላ 30 ሰከንድ ይጠበቅ፣ ይውጣና ወዲያው በመጋገሪያ ወረቀት ሸፍኖ በጠፍጣፋ እንጨት ይጫን። መብራት ቢጠፋና በከፊል ቢቀር አይጣል፤ በኋላ ደግሞ ማሞቅ ይቻላል። ሹል ማዕዘን እርስ በርስ ሊጣበቅ፣ ሲደርቅም ሊወጋ ስለሚችል ይክበብ።

ፀሐፊ፦ የግንቡ አናት ጥርስ ጥርስ አለው፣ እሱንስ እንዴት እናድርገው?

አሠልጣኝ፦ ጥርሱ ይሳል እንጂ አይቆረጥ። ዙሪያውን ሞላላ አድርገን ስንቆርጠው አራቱ ክብ ማማዎች በውስጡ ጎልተው ይታያሉ።

ሰብሳቢ፦ የመላእክቱን ፊት ከረቂቁ እናውጣ። በአራት ሴንቲ ሜትር ላይ ዐይናቸው የቀለም ነጥብ ይሆናል፤ ለዚያ ጣሪያ ክብር የሚገባ አይደለም። ከዚያም በላይ፣ ቅዱስ ሥዕል በቁልፍ ላይ ተንጠልጥሎ መሬት ሲወድቅ ቅር የሚሰኝ ብዙ ሰው አለ። የቤተ ክርስቲያኑን አባቶች ሳናማክር አንነካውም።

አሠልጣኝ፦ እስማማለሁ፣ ጋሼ። በተጨማሪ ይህ ይጻፍ፦ ምግብ የማይበሰልበት ኦቨን፣ መስኮት ክፍት፣ ሕፃናት በስዕሉና በቅብ ብቻ። የጥፍር ቀለም እንደ ቫርኒሽ አይቀባ፤ ሟሟው ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። በውኃ የሚሟሟ ቫርኒሽ ይገዛ።

ገንዘብ ያዥ፦ እንግዲያው 18 ቅጠል፣ 120 ቀለበትና አንድ ቫርኒሽ ብዬ እጽፋለሁ። የሙከራው 3 ቅጠል ለብቻው መስመር ይያዝ፤ ካልተሳካ ቀሪውን 15 አንገዛም።