ፌንታኒል የለመደ ሰው ቡፕረኖርፊን ሲጀምር ለምን ይብስበታል?

አስተርጓሚዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ክሊኒክ ውስጥ ለአማርኛ ተናጋሪዎች አስተረጉማለሁ። «መድኃኒቱ ራሱ አሳመመኝ» ብለው ቡፕረኖርፊንን (እንደ ሄሮይንና ፌንታኒል ላሉ የኦፒዮይድ ዕፆች ሱስ የሚሰጠውን መድኃኒት) ለሚተዉ ሰዎች ምክንያቱን እንዴት ላስረዳ? ሌላው የሱስ መድኃኒት ሜታዶንስ ይሻላቸዋል?

ፋርማሲስት፦
አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ ስለተጀመረ ነው። ቡፕረኖርፊን የአንጎልን ተቀባይ (ኦፒዮይድ የሚያርፍበትን ቦታ) ከፌንታኒል ይበልጥ አጥብቆ ይይዛል፤ ጉልበቱ ግን ከፊል ነው። ፌንታኒሉ ሳይወጣ ከተወሰደ ገፍቶ ያስለቅቀዋል፤ ሐራራው ባንድ ጊዜ ይነሣል፤ ትውከት፣ ተቅማጥ፣ ላብ፣ መቅበጥበጥ። ለሄሮይን 12 ሰዓት ያህል መታገሥ በቂ ሊሆን ይችላል። ዘወትር የሚወሰድ ፌንታኒል ግን ስብ ውስጥ ስለሚጠራቀም 24 ሰዓትም ላይበቃው ይችላል። ስለዚህ ሰዓት ብቻ ሳይሆን ምልክት ይታይ፤ የዓይን ብሌን መስፋት፣ ማዛጋት፣ ንፍጥ፣ የሰውነት መውረር። በተለመደው አጀማመር መጀመሪያ ከ2 እስከ 4 ሚሊግራም ይሰጣል፤ ሐኪሙ እያየ ይጨምራል። በቀን 16 የተለመደ ነው፤ ፌንታኒል ለለመደ 24 ሊያስፈልግ ይችላል።

አወሳሰዱም ያበላሸዋል። ፊልሙ (ቡፕረኖርፊን ያለበት ስስ ቁራጭ) ምላስ ሥር ቀልጦ ማለቅ አለበት፤ ከተዋጠ አብዛኛው ከንቱ ይሆናል። ሲያልቅ አፍን በውኃ ተጉመጥምጦ መዋጥ፣ ጥርስ ለመቦረሽ ደግሞ አንድ ሰዓት መቆየት፤ አለዚያ ጥርስ ይጎዳል።

የሜታዶን ክሊኒክ ነርስ፦
ሐራራውን መጠበቅ ለማይችል ሰው ሜታዶን ይሻለዋል፤ ጉልበቱ ሙሉ የሆነ ኦፒዮይድ ስለሆነ ሐራራውን ባንድ ጊዜ አያስነሣም። ችግሩ ቀስ እያለ መጠራቀሙ ነው። የመጀመሪያው ቀን «አልያዘኝም» ብሎ ከውጭ የጨመረ ሰው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ተኝቶ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ከአልፕራዞላም (ከጭንቀት መድኃኒት) ወይም ከአልኮል ጋር ከሆነ አደጋው ይከፋል። ይህን ለቤተሰቡ ሳትነግሪ አትለፊ፣ እህቴ። እ.ኤ.አ. ከ2024ቱ የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ ወዲህ ክሊኒኩ ካመነበት በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት እስከ 7 ቀን የሚሆን መጠን ወደ ቤት ይሰጣል፤ ልጅ ካለ የሚቆለፍ ሣጥን ግድ ነው።

አስተርጓሚዋ፦
ቤተሰብ «ሱስን በሱስ መተካት ነው፤ ጸበል ይግባና ይተወው» ሲልስ?

ፋርማሲስት፦
ጸበሉን አትከልክዪ፤ መድኃኒቱን ይዞ ይግባ። ሳምንታት ያለ ኦፒዮይድ የቆየ ሰውነት ልማዱን ይረሳል፤ ሲመለስ የድሮውን መጠን ከወሰደ ሊሞት ይችላል። በወር አንዴ በ380 ሚሊግራም የሚወጋው፣ የኦፒዮይድን ሥራ የሚያግደው ናልትሬክሶንም ከ7 እስከ 10 ቀን ከኦፒዮይድ ንጹሕ መሆንን ይጠይቃል፤ መርፌው ሲቋረጥ አደጋው ያው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ያለ ማዘዣ የሚሸጠው፣ ከመጠን በላይ ኦፒዮይድ ለወሰደ ሰው በአፍንጫ የሚነፋው ናሎክሶን ቤት ውስጥ ይኑር።

ሐራራው ተነሥቶ ከደወሉልሽ ደግሞ «ተወው» አትበዪ፤ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ብዙ ጊዜ መፍትሔው ቡፕረኖርፊኑን መጨመር ነው፤ መንገድ ላይ ወደሚገኘው ፌንታኒል መመለስ አይደለም።