እናቴ አፑን አልፈልግም አለች፣ እኔም መልስ አጣሁ

ጥያቄ፦
ሰላም ናችሁ። እናቴ ገንዘብ በስልክ እንድትልክ ብዬ አንድ አፕ ስጭንላት ገና ሲከፈት ኮንታክት ልይ፣ ፎቶ ልይ፣ ሎኬሽን ልይ አላት፣ እሷም "ገንዘብ ለመላክ ፎቶዬ ምን ያደርግለታል?" ብላ ስልኳን ተቀበለችኝ። እኔ ሁሌ "ፍቀድ" እያልኩ ነው የማልፈው፣ ለምን እንደሚጠይቅ እውነቱን ለመናገር አላውቅም። ትልልቅ ሰው ቴክኖሎጂ ይፈራል ይባላል ግን እሷ የፈራች አልመሰለኝም። እንዴት ላሳምናት?

መልስ 1፦
ከማሳመንህ በፊት ጥያቄዋን መልስላት ወንድሜ። ሴቲንግ ገብተህ ፐርሚሽን የሚለው ጋር ሁሉንም ዝጋና አፑን ሞክረው። ካሜራ ኪውአር ኮድ ለማንበብ፣ ኮንታክት ቁጥር ከመጻፍ ለመገላገል ሊሆን ይችላል። ፎቶው ለምን እንደሆነ ግን እኔም አልገባኝም።

መልስ 2፦
እናትህ ልክ ናት። በኮሮና ጊዜ ሲንጋፖር ትሬስቱጌዘር የሚባል አፕ አውጥታ ዳታው ንክኪ ለመከታተል ብቻ ነው ተብሎ ነበር፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2021 ላይ ግን ፖሊስም ለወንጀል ምርመራ ሊወስደው እንደሚችል መንግስት ራሱ ፓርላማ ውስጥ ተናገረ፣ ሰው ተቆጣ፣ ከዛ በኋላ ነው ለከባድ ወንጀል ብቻ የሚል ህግ የወጣው። ህጉ መጀመሪያ ቢወጣ ኖሮ እኮ ሰው አውቆበት ይገባ ነበር። ጀርመን ደግሞ በ2020 የራሷን ስታወጣ አፑ የተጻፈበትን ኮድ በሙሉ ጊትሃብ የሚባል የፕሮግራም ኮድ የሚጋራበት ድረ ገጽ ላይ ለቀቀችው፣ የንክኪው መዝገብም እዛው በየሰው ስልክ ላይ ነበር የሚቀመጠው። እኔ ኮድ አላነብም፣ ግን የሚያነብ ሰው ገብቶ ማየት መቻሉ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

መልስ 3፦
ኮዱም ህጉም ጥሩ ነው ግን ያንን ሁሉ ገጽ ማን ያነባል? እኔ የማየው ነገር ሲበላሽ ማን ስልክ ያነሳል የሚለውን ነው። አንዴ ከአካውንቴ ሁለቴ ተቆርጦብኝ ሳምንት ሙሉ መልስ የሚሰጠኝ አጣሁ፣ ገንዘቡ ተመልሷል፣ እኔ ግን አልተመለስኩም። ያኔውኑ "ተሳስተናል፣ በዚህ ቀን እንመልሳለን" ቢሉኝ ዛሬም እጠቀመው ነበር። እና ከመጫንህ በፊት ደንበኛ አገልግሎታቸው ደውልና እንዴት እንደሚመልሱልህ እይ።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ደወልኩ፣ አነሱ። ሶስቱንም ፈቃድ ዘግቼ ሞከርኩት፣ ገንዘቡ ሄደ። እናቴን አሳየኋትና "ካለዚህ የሚሰራ ከሆነ መጀመሪያ ለምን ጠየቀ?" አለችኝ። እሱን በጽሁፍ ጠይቄያቸዋለሁ፣ እስኪመልሱ ድረስ እሷም እየጠበቀች ነው።