ቶርቲያን ቤት ውስጥ ለመጋገር ምን ከየት ልግዛ? ጥቆማ ለሎስ አንጀለስ ሰዎች

ሰሞኑን ሦስት ሰው «ያንን ታኮ እንዴት ነው የምትሠሪው፣ ዕቃውንስ ከየት ታመጫለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። ለየብቻ ከምመልስ አንዴ ጽፌ ላስቀምጠው። የምኖረው ሎስ አንጀለስ ነው፣ ከሐበሻ ሰፈሩ ከፌርፋክስ ብዙም አልርቅም፤ የምጠቁማችሁም ራሴ ገዝቼ የሞከርኩትን ነው።

ታኮ ማለት ሥጋና ሳልሳ (የቃሪያ ማባያ) በቶርቲያ፣ ማለትም በሜክሲኮዎች ስስ የበቆሎ ቂጣ፣ ታጥፎ የሚበላ ነው። ገንዘባችሁንም ጊዜያችሁንም ቶርቲያው ላይ አውሉ። ሥጋው ያው ጥብስ ነው፣ ጥብስ ደግሞ አያቅተንም። ሳልሳውም ከባድ አይደለም። ቶርቲያው ግን ደርቆ፣ ሲያጥፉት ስንጥቅ የሚል ከሆነ የቀረው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው። እንጀራው ሳይሆን ሲቀር ዶሮ ወጡ ምን ያደርጋል? ልክ እንደዚያ ነው።

ከዱቄቱ ልጀምር፣ እኔም የተበላሸብኝ እሱ ላይ ነው። ዕቃ ቤት ድረስ ከሚያመጣ አንድ አገልግሎት «ማሳ አሪና»፣ የቶርቲያ ሊጥ ዱቄት ማለት ነው፣ ብዬ አዘዝኩ፣ ተራ የበቆሎ ዱቄት አመጡልኝ። ልዩነቱን ስላላወቅሁ አቦካሁት። አልያዝ አለ። ውኃ ብጨምር፣ ዱቄት ብጨምር፣ እጄ ላይ እንደ አሸዋ ይፈርሳል። እንግዶች ሳሎን ተቀምጠዋል፣ በመጨረሻ ዳቦ ገዝቼ አቀረብኩ።

ምክንያቱ በኋላ ነው የገባኝ። ሜክሲኮዎች በቆሎውን ኖራ ባለበት ውኃ ቀቅለው ያሳድሩታል፣ አጥበው ከዚያ ይፈጩታል። ኒሽታማል ይሉታል። ኖራው የበቆሎውን ልጣጭ ያላቅቃል፣ ሊጡ እንዲያያዝ ያደርጋል፣ በቆሎ ውስጥ ታስሮ የሚቀረውን ናያሲን የሚባል ቫይታሚንም ይፈታዋል። በቆሎው ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ደቡብ ሲዛመት ይህ ሙያ አብሮት አልሄደም፤ በበቆሎ ብቻ ይኖሩ የነበሩ ድሆች በዚህ ቫይታሚን እጥረት ፔላግራ በሚባል በሽታ ብዙ ተሠቃይተዋል። ስለዚህ ከረጢቱ ላይ «ማሳ» የሚል ቃል ከሌለ አትግዙ።

ከሚሸጡት ውስጥ ማሴካ በየሱፐርማርኬቱ አለ፣ ርካሽ ነው፣ ለጀማሪም ይሆናል። ኩባንያው ግሩማ በ1949 እ.ኤ.አ. በሰሜን ሜክሲኮ፣ ኑዌቮ ሌኦን ውስጥ የተቋቋመ ነው። ሚሽንና ጌሬሮ የሚባሉት የታሸጉ ቶርቲያዎችም የእሱው ናቸው፣ እና መደርደሪያው ፊት ቆማችሁ በሁለቱ መካከል ብዙ አትጨነቁ። ማሲየንዳ የሚባለው ደግሞ ከነባር የሜክሲኮ የበቆሎ ዝርያዎች የሚዘጋጅ ነው። ዋጋው ከማሴካ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ሽታው ግን በእርግጥ ሌላ ነው፣ ገና ሲጋገር እሸት የተጠበሰ ይመስላል። ለእንግዳ ቀን እሱን፣ ለዘወትር ማሴካን እላለሁ።

ከሁለቱም የሚበልጠው ግን ያልደረቀው ሊጥ ነው። ቫያርታና ኖርዝጌት የሚባሉት ሱፐርማርኬቶች ቶርቲያ የሚጋገርበት ክፍል አላቸው፣ እዚያ ሊጡን በፓውንድ ይሸጡላችኋል። እዚህ ጋ በደንብ አንብቡልኝ። ሊጡ ሁለት ዓይነት ነው። «ማሳ ፕሬፓራዳ» ለታማሌ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ በእንፋሎት ለሚበስለው ምግባቸው፣ የተዘጋጀ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ማንቴካ፣ ማለትም የአሳማ ስብ ገብቶበታል። እናንተ የምትፈልጉት «ማሳ ሲን ፕሬፓራር» ነው፣ ምንም ያልተጨመረበት። እንዲሁ «ማሳ» ብላችሁ ከጠየቃችሁ የቱን እንደሚሰጧችሁ አታውቁም። ጠዋት ሂዱ፣ በዚያው ቀን ጋግሩት፤ ካደረ ይኮመጥጣል።

ማንቴካን ካነሳሁ አይቀር፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይህን ቃል ይያዝ። በቆርቆሮ የሚሸጠው የተፈጨ ቦሎቄ ውስጥ ይኖራል፣ የስንዴ ቶርቲያ ውስጥ ይኖራል፣ ታማሌ ውስጥማ የታወቀ ነው። ካርኒታስና አል ፓስቶር የሚባሉት የታኮ ሥጋዎች ራሳቸው የአሳማ ሥጋ ናቸው። በዐቢይ ጾም መሀል ቦሎቄ ነው ብዬ የከፈትኩት ቆርቆሮ ጀርባው ላይ በትንንሽ ፊደል ማንቴካ ተጽፎበት አገኘሁ። አንድ ማንኪያ ቀምሼ ነበር። በጣም ነው ያዘንኩት። ከዚያ ወዲህ ደረቁን ፒንቶ ቦሎቄ ገዝቼ ማታ እዘፈዝፋለሁ፣ ከሽንኩርት ጋር ቀቅዬ በዘይት በነጭ ሽንኩርት እያሸሁ አበስለዋለሁ። ለጾም ከዚህ የተሻለ ምግብ አላውቅም፤ አቮካዶና ሳልሳ ከተጨመረበት ማንም ሥጋ አይጠይቅም። ውጭ ስትበሉ ደግሞ ሩዙ በዶሮ መረቅ የተቀቀለ ሊሆን ስለሚችል ጠይቁ።

ወደ መጋገሩ። ሁለት ኩባያ ማሴካ፣ አንድ ተኩል ኩባያ ለብ ያለ ውኃ፣ ትንሽ ጨው። አሽታችሁ ሃያ ደቂቃ ሸፍናችሁ አቆዩት። ከፑዌብላ የመጣች አንዲት ጎረቤቴ ናት ያስተማረችኝ፣ እናቴ በምትሆን ዕድሜ ላይ ናት። ትንሽ ሊጥ ድቡልቡል አድርጋ በአውራ ጣቷ ትጫነዋለች። ዳሩ ከተሰነጠቀ ውኃ ይጎድለዋል፣ ጣቷ ላይ ከተጣበቀ በዝቶበታል። በኩባያ ለክታ አታውቅም። አብሲት የምትጥል ሴት እጇን እንደምታምነው ነው የምታምነው።

ሊጡን ተጭኖ የሚያሳሳውን መጫኛ ግዙ ከተባለ የብረቱን ግዙ፣ ከባዱን። ቀላሉ አሉሚኒየም ጉልበት ይጠይቃል። ሊጡን በሁለት ፌስታል መሀል አድርጋችሁ በከባድ ድስት ቂጥም መጫን ይቻላል፣ ስድስት ወር በዚያ ነው የሠራሁት። ኮማል የሚባለውን መጋገሪያቸውን ግን አትግዙ፣ ምጣድ አላችሁ! የእንጀራ ኤሌክትሪክ ምጣዴን በደንብ አግለዋለሁ፣ አራት አምስቱን በአንዴ እደረድራለሁ። ሃያ ሰከንድ ያህል፣ ግልብጥ፣ አንድ ደቂቃ ግድም፣ እንደገና ግልብጥ። ያን ጊዜ መሀሉን በጣታችሁ ጫፍ ነካ ስታደርጉት ይነፋል። ሙሉውን እንደ ፊኛ ሲነሳ ጎረቤቴ ታጨበጭባለች፣ በየጊዜው፣ አንድም ቀን አልሰለቻትም። ከዚያ በፎጣ ጠቅልሉት፣ በራሱ ላበት ይለሰልሳል።

ለሳልሳው የሜክሲኮዎችን ደረቅ ቃሪያ ከታሸገው ይልቅ በክምር ከሚሸጠው ምረጡ። ጥሩው እንደ ቆዳ ይታጠፋል፤ ተሰባብሮ የሚረግፈው የቆየ ነው። ጓሂዮ ለቀለምና ለጣዕም፣ አንቾ ለጣፋጭነት፣ አርቦል ለማቃጠል። ደረቅ መጥበሻ ላይ ሽታው እስኪወጣ ብቻ አመስ አድርጉት፣ ካረረ ይመራል። በሙቅ ውኃ አርሳችሁት፣ ከተጠበሰ ቶማቲዮ (አረንጓዴ ቲማቲም የሚመስል ኮምጣጣ ፍሬ) እና ነጭ ሽንኩርት ጋር ፍጩት። የኛ በርበሬም ዘሩ ከዚያው ከሜክሲኮ በኩል የመጣ ነው፣ ግን አንዱን በሌላው አትተኩ፤ የበርበሬያችን ኮረሪማና አብሽ ሳልሳውን ወደ ወጥ ይወስደዋል።

በጠርሙስ ከሚሸጠው የቃሪያ ሳልሳ ታፓቲዮ እዚሁ ቨርነን ውስጥ የሚሠራ ነው፣ ለዘወትር ይሆናል። ቾሉላ ለስላሳ ነው፣ ለልጆች። ቫለንቲና ከያዛችሁ ጥቁር ምልክት ያለውን። ሚጥሚጣ ለለመደ ሰው ሦስቱም ኮምጣጣ እንጂ የሚያቃጥሉ አይደሉም፣ እንባ የሚፈልግ ኤል ዩካቴኮ አባኔሮ በሚባለው ቃሪያ የተሠራውን ይሞክር።

አይብ ላይ ኬሶ ፍሬስኮ የሚሉትን የሜክሲኮ ለጋ አይብ ከመግዛት የራሳችሁን አይብ አውጡ፣ በደንብ አጥልላችሁ ጨው ጣል አድርጉበት። ጎረቤቴ ቀምሳው ከየት ገዛሽው አለችኝ።

ሥጋውን እኔ ከሐበሻ ልኳንዳ ነው የማመጣው። ከሜክሲኮ ልኳንዳ የምትገዙ ግን የተቀመመውን ተዉት፣ ያልተቀመመውን ጠይቁና በብርቱካን፣ በሎሚ፣ በነጭ ሽንኩርትና በከሙን ራሳችሁ አሳድሩት። ከጠበሳችሁት በኋላ በጭረቱ አግድም ቁረጡ፣ ያለዚያ ይጠነክራል።

በሳን ፈርናንዶ ቫሊ በኩል የራሱን በቆሎ ቀቅሎ የሚፈጭ ትንሽ ቶርቲያ ቤት የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ቅዳሜ ጠዋት ወደዚያ እመጣለሁ።