ጦሳ ተራራ ለደሴ አረንጓዴ ቦታ ይቆጠራል ወይ?

ቦርከና ዳር፦
ትናንት እዚህ ግሩፕ ላይ «የደሴን 30 በመቶ አረንጓዴ ቦታ ጦሳና አዝዋ ገደል ይሞሉላታል፤ መሀል ከተማ የቀረው ክፍት ቦታ ለግንባታ ቢለቀቅ ምንም አይጎድልብንም» ተብሎ ተጽፎ አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። «ይሞሉላታል» ማለት ምንድን ነው? 30-30-40 የሚባለው የከተማ መሬት አከፋፈል 30 እጅ አረንጓዴና ክፍት ቦታ፣ 30 እጅ መንገድ፣ 40 እጅ ግንባታ ሰዉ በሚኖርበት ሰፈር ውስጥ እንዲኖር ነው። የሰኞ ገበያ ልጅ ኳሱን ይዞ ጦሳ ይውጣ?

የፒያሳው፦
የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ቃሌንም አላጥፍም። ደሴ በሁለት ተራራ መሀል የተቀረቀረች ከተማ ናት፤ ለጥ ያለ መሬቷ በጣት የሚቆጠር ነው። እሱን ሣር ካለበስነው ሰው የት ይኑር? ገራዶ ወርደን የገበሬ ማሳ ልንቆርስ ነው? መሀሉ ላይ ጂ ፕላስ 4 ብንሠራ ማሳው ይተርፋል። ጦሳ ደግሞ ከየትኛውም ሰፈር ቀና ስትል ይታያል።

ሲቪሉ፦
ማየትና መድረስ ለየቅል ናቸው። 400 ሜትር ሜዳ ላይ 5 ደቂቃ ያስኬዳል። የሰፈር መጫወቻ ከዚህ አይራቅ የሚባለውም ለዚሁ ነው። መንገዱ 15 በመቶ ዳገት ከሆነ ግን በ400 ሜትር ውስጥ 60 ሜትር ወጣህ። ለየ10 ሜትሩ ሽቅብ 1 ደቂቃ ጨምርበት፣ 11 ደቂቃ ይሆናል። በደረጃ ላድርገው ካልክ፣ አንዱ እርከን 15 ሳንቲ ሲሆን 400 እርከን ትሠራለህ። ይህን ሁሉ ወጥተህ ገና የተራራው እግር ሥር ነህ።

የሆጤዋ፦
በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደውንም አስቡት እንጂ። ራምፕ (ለወንበሩ የሚሠራው ተዳፋት መውጫ) 1 ሜትር ከፍ ለማለት 12 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። 60 ሜትር ለመውጣት 720 ሜትር፣ ማረፊያው ሳይቆጠር። የፒያሳው ወንድሜ፣ ለእናቶቻችን «ይሞሉላታል» ያልካት ቃል ምናቸውንም አትሞላ።

የፒያሳው፦
እህቴ፣ አንዲት ቃል ይዛችሁ አታድርቁኝ። ጥያቄዬ የመኖሪያ ቤት ነው።

ጎርፉ፦
ቃሏን የያዝናት ሥራ ላይ ከዋለች ጎርፍ ይዛ ስለምትመጣ ነው። መሀል ከተማ ያለ ክፍት መሬት መጫወቻ ብቻ አይደለም፤ ውሃ የሚጠጣ መሬት ነው። 1 ሄክታር ውሰድና በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር ይዝነብበት። ሣር የለበሰ ሆኖ ከዝናቡ 30 እጁን ቢለቅ በሰከንድ 50 ሊትር ይወርዳል። ጣሪያና ኮንክሪት አልብሰኸው 90 እጁን ቢለቅ 150 ሊትር ነው። ከታች ያለው ቦይ ግን ያው የድሮው ነው። የሚደፈነውም ዳገቱ አልቆ ሜዳው በሚጀምርበት ቦታ ነው፦ ውሃው ፍጥነቱ ሲቀንስ የተሸከመውን ደለልና ፌስታል እዚያ ይጥለዋል፣ ከመንገድ ሥር ውሃ የሚያሳልፈው ከልቨርት አፉ ይዘጋል፣ ጎርፉ አስፋልት ላይ ይወጣል። ከከልቨርቱ በፊት የደለል መያዣ ጉድጓድ ይቆፈር፤ ሐምሌን ሳይጠብቅ በግንቦት ይጠረግ። ቀጥ ባለው ዳገት ላይ ደግሞ ቦዩ በእርከን ይሠራ፣ ካልሆነ ውሃው መሠረቱን ቦርቡሮ ይበላዋል።

የፒያሳው፦
ይሁን፣ ቦይ ይስፋ። ዳገቱን ቆርጠን በግንብ ከደገፍነው ቦታም እናገኛለን፣ መንገድም ይሰፋል።

ሲቪሉ፦
«በግንብ ከደገፍነው» ቀላል ይመስላል። መሬቱ በጎኑ 20 በመቶ ቢያዘነብል፣ 10 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ በሁለቱ ጠርዞቹ መካከል የ2 ሜትር ከፍታ ልዩነት አለው። 20 ሜትር አድርገህ ስታሰፋው 4 ሜትር ይሆናል። ከ4 ሜትር ግንብ ጀርባ ውሃ እስከ አፉ ከተጠራቀመ፣ የውሃው ግፊት ብቻ በአንድ ሜትር ርዝመት 8 ቶን ነው፤ የአፈሩ ሌላ። የደሴ አፈር ደግሞ አብዛኛው ከላይ ተንሸራቶ የወረደ፣ ድንጋይና ጭቃ የተደባለቀበት ነው። ውሃ ሲጠግብ ይከብዳል፣ መያያዣውም ይላላል። ስለዚህ ከግንቡ ጀርባ ቢያንስ 30 ሳንቲ ጠጠር፣ በየ2 ሜትሩ የውሃ መውጫ ቱቦ፣ ከግንቡ አናት በላይ ደግሞ ጎርፉን ቀድሞ የሚያስቀይስ ቦይ ያስፈልጋል። ግንቡ አፈሩን ይዞ ቢቆም እንኳ ከላይ ያሉት ቤቶች ሴፕቲካቸውን ወደ ዳገቱ ካሰረጉት በጋ ከክረምት ይረጥባል።

ጎርፉ፦
ጋቢዮን፣ ማለትም ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን ይሻላል፣ ውሃውን ራሱ ያሳልፋል። ድንጋዩ ከሽቦው ቀዳዳ የሚበልጥ ይሁን እንጂ።

ሲቪሉ፦
ከኋላው ማጣሪያ ጨርቅ ካልገባ አፈሩ በድንጋዩ መሀል ታጥቦ ያልቃል፣ ከላይ ያለው መሬት ይሰጥማል። ጨርቁን ማንም አያነሳውም።

የኮምቦልቻው፦
ከዚህ ሁሉ ጣጣ 25 ኪሎ ሜትር ወርዳችሁ ሜዳ ላይ ብትሠሩስ? ኢንዱስትሪ ፓርኩ እዚህ፣ አውሮፕላን ማረፊያው እዚህ። ደሴ የማትሰፋ ከተማ ናት።

የፒያሳው፦
የንጉሥ ሚካኤል ከተማ፣ አይጠየፍ አዳራሽ የቆመባት አገር ለሜዳ ተብላ አትለቀቅም!

ጎርፉ፦
ኮምቦልቻዎችም ብትሆኑ ተመልካች አይደላችሁም። ቦርከና ወንዝ ከዶሮ መዝለያ ወርዶ ወደ እናንተ ነው የሚመጣው። እኛ መሀል ከተማችንን በኮንክሪት ከደፈንነው ውሃውን ደራርቦ የሚቀበለው የእናንተ ሜዳ ነው።

አያ ሰይድ፦
ልጆቼ፣ በ1953 ካራ ቆሬ መሬት ሲንቀጠቀጥ ማጀቴ ፈርሳለች። እኛም በዚያው በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነን። በተቆረጠ ዳገት ላይ ፎቅ ስትደረድሩ ይህን አስቡ። ደግሞ ሕዝቡ ደጅ ሲወጣ የሚቆምበት ክፍት ቦታ ከሌለ ወዴት ይሽሽ?

የፒያሳው፦
አያ፣ እርስዎ ያሉት ልክ ነው። ፎቁ ግን ለመንቀጥቀጥ ተሰልቶ ይሠራል፣ ሕጉም ያስገድዳል።

አያ ሰይድ፦
ፎቁ ይሰላ። እኔ የጠየቅኩት ስለ መቆሚያው ነው።

የሆጤዋ፦
ደግሞ ጦሳ አረንጓዴ ነው ስትሉ ምን እንደለበሰም እዩ እንጂ። ባሕር ዛፉ ከሥሩ ሣር አያበቅል፤ ዝናቡ ባዶውን መሬት ይመታና ጠርጎት ይወርዳል። ፅድና ወይራ ይተከል፣ ከሥሩ እርከን ይሠራ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ጦሳ እናውራ።

የፒያሳው፦
ባሕር ዛፉን የነካችሁት እንደሆነ ደግሞ ማገዶና አጣና ሸጦ የሚያድረው ይነሳባችኋል።

የሆጤዋ፦
በአንድ ቀን ይቆረጥ ማን አለ? ከላይ ከቀጥታው ዳገት ተጀምሮ በየመስመሩ ይተካ።

ቦርከና ዳር፦
ከርዕሱ አታውጡን። የፒያሳው፣ እሺ ይለቀቅ ያልከውን ክፍት ቦታ በስሙ ጥቀስ። የትኛው ሰፈር ነው ሜዳውን የሚያጣው? «ይሞሉላታል» ያልከው በየትኛው ሰፈር ስም ነው?

የፒያሳው፦
እጠቅሳለሁ፤ አንተ ግን ቅደም። በ1 ሄክታር ሰፈር 30 እጅ ማለት 3,000 ካሬ ነው። ቤት ከቤት በተያያዘበት በቧንቧ ውሃ ሰፈር 3,000 ካሬውን ከየት ታመጣለህ? የማንን ግቢ ታነሳለህ?