ክርክር፦ የነጻ ኦንላይን ኮርስ ሰርተፍኬት ለሥራ ቅጥር ይቆጠር?

አዲስ ተመራቂ፣ ባሕር ዳር፦ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረውን የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ነጻ የኦንላይን ሥልጠና ወስጃለሁ። ፕሮግራሚንግና አንድሮይድ ጨርሼ ሰርተፍኬት አግኝቻለሁ። ጓደኞቼ ግን ቀጣሪ ዞር ብሎ አያየውም ይሉኛል። ሲቪዬ ላይ ላስገባው ወይስ ይቅር?

የሶፍትዌር ድርጅት ኃላፊ፣ አዲስ አበባ፦ አስገቢው፣ ጉዳት የለውም። እውነቱን ልንገርሽ ግን፣ እኔ እሱን አይቼ አልቀጥርም። የብዙ ነጻ ኮርሶች ፈተና ከተሰጡት መልሶች አንዱን መምረጥ ነው። ቪዲዮውን ሳያይ ጠቅ ጠቅ አድርጎ የሚያልፍ ሞልቷል። በትክክል የተማረውንና ጠቅ ጠቅ ያደረገውን በወረቀት መለየት አልችልም።

የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ደሴ፦ ኩረጃማ ክፍል ውስጥም አለ፤ በዚህ ብቻ ኮርሱን አናጣጥለው። የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ በ2012 እ.ኤ.አ. የኤሌክትሮኒክስ ኮርሱን በነጻ ለዓለም ሲከፍት፣ የ15 ዓመቱ ሞንጎሊያዊ ባቱሺግ ምያንጋንባያር ፍጹም ውጤት አመጣ። ከኡላንባታር ተነስቶ ኤምአይቲ ገባ። ይህ በር ባይከፈት ማን ያውቀው ነበር? የእኛን ልጆች ወረቀት እንዲሁ ከጣልነው እንዲህ ያለውን ልጅ አብረን እንጥላለን።

የሶፍትዌር ድርጅት ኃላፊ፦ መምህር፣ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ይንገሩልን እንጂ። በዚያው ኮርስ ወደ 155 ሺህ ሰው ተመዘገበ፤ ያለፈው 7 ሺህ ገደማ ነው። ልጁም ብቻውን አልነበረም። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ራሱ ኤምአይቲ የተማረ ሰው ነበር። አንድ የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪም የላብራቶሪ ዕቃ ይዞ ሞንጎሊያ ድረስ ሄዶ አስተምሯቸዋል። ቪዲዮው ነጻ ነበር፤ አጠገቡ የቆመው ሰው ግን በነጻ አይገኝም።

የሁለተኛ ደረጃ መምህርት፣ ወልዲያ፦ ነጻ ነጻ ትላላችሁ፣ ካርዱን ማን ይሙላ? ተማሪዎቼ በሌሊት ጥቅል ነው የሚያወርዱት። ጠዋት ክፍል ውስጥ ያንቀላፋሉ። ትምህርቱ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። የሚያቋርጡት ሰነፍ ሆነው አይደለም! ጎበዞቹ ናቸው መጥተው "ቲቸር፣ እዚህ ጋ ጠፋብኝ" የሚሉኝ። እኔም ሁልጊዜ መልሱ የለኝም።

የዩኒቨርሲቲ መምህር፦ ለኢንተርኔቱ መላ አለው፣ እህቴ። ኮሊብሪ የሚባል ነጻ ሶፍትዌር አለ። ትምህርቱን አንዴ ታወርጂና አንድ ኮምፒውተር ላይ ታስቀምጪዋለሽ፤ ተማሪዎቹ ያለ ኢንተርኔት ከዚያ ይከፍቱታል። ጠፋብኝ ለሚለው ልጅ ግን ሶፍትዌር አይበቃም። እዚህ ላይ ከኃላፊው ጋር እስማማለሁ። ስንት ሚሊዮን ተመዘገበ ከማለታችን በፊት በየወረዳው ሳምንት ሳምንት የሚቀመጥ አስረጂ ይመደብ። የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ተማሪዎቻችን ይችሉታል። አበልና የትራንስፖርት ብር ብቻ ነው የሚያስፈልጋቸው።

የወልዲያዋ መምህርት፦ እንዲያ ከሆነ ክፍሉን እኔ አዘጋጃለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ባዶውን ነው የሚውለው።

የሶፍትዌር ድርጅት ኃላፊ፦ ከእኛም ቤት ሁለት ልጆች በስልክ ያግዛሉ፣ ቃሌ ነው። የቅጥሩን ነገር ግን አልለቅም፣ ወረቀት አልቆጥርም። ተመራቂዋ፣ በኮርሱ ምን ሠራሽበት?

አዲስ ተመራቂ፦ የሰፈራችንን እድር መዋጮ የሚመዘግብ ትንሽ አፕ ጀምሬያለሁ። ማን እንደከፈለ ያሳያል። ቅጣት የሚያሰላው ክፍል ላይ ተቸግሬ ቆሜያለሁ። የሚያየልኝ ሰው አጥቼ ነው።

የሶፍትዌር ድርጅት ኃላፊ፦ እሱን ነበር መጀመሪያ መናገር! ኮዱን እዚህ ለጥፊው፣ ዛሬ ማታ አየዋለሁ። ኔትወርክ ሲጠፋስ የተመዘገበው ይቀመጣል? እሱንም አስቢበት። ሲቪሽ ላይ አፑን ከላይ፣ ሰርተፍኬቱን ከሥር አድርጊው።