«ዩ» (you) የምትለዋን የእንግሊዝኛ ቃል ወደ አማርኛ መመለስ አቃተኝ እርዱኝ

ሰላም ጓዶች፣ የአንድ እንግሊዝኛ አጭር ድራማ ሰብታይትል እየሰራሁ አንድ መስመር ላይ ሁለት ቀን ተገትሬያለሁ። ስም የሌለው የማስፈራሪያ ደብዳቤ ባልና ሚስት ቤት ይመጣል፣ ለባልየው ይሁን ለሚስትየው የሚታወቀው መጨረሻ ላይ ነው፣ እንግሊዝኛው በ«ዩ» ዝም ብሎ ያልፋታል እኛ ጋ ግን «አየሁህ» ወይ «አየሁሽ» ስል ግሱ ራሱ ያሳብቃል። «አየሁዎት» ብል ፆታው ይደበቃል፣ ግን የሚያስፈራራ ሰው አንቱ ይላል እንዴ? ያስቃል እኮ። «አየኋችሁ» ካልኩ ደሞ ሁለቱም ጥፋተኛ ሆኑ። የ1611ዱ ኪንግ ጀምስ መጽሐፍ ቅዱስ ለአንድ ሰው «ዛው» ለብዙ «ዪ» እያለ ይለያል፣ ፆታ ግን እሱም አይለይም። «ሁሉንም አይቻለሁ» ብዬም ሞከርኩ፣ ጣት መቀሰሩ ጠፋ። እስከ ሐሙስ ማስረከብ አለብኝ፣ እንዲህ የገጠማችሁ ካላችሁ ምን አደረጋችሁ?