መደርደሪያዬ ላይ ዝናብ ገባ፣ ነገ ሰው ይመጣል፣ ድረሱልኝ!

የመደርደሪያዋ፦
ወገን ድረሱልኝ! ሌሊት የጣለው ዝናብ በቆርቆሮው ገብቶ መደርደሪያዬን ሲያጥበው አደረ። ሌላውን ሁሉ ትቶ እሷኑ! መጻሕፍቱ አብጠዋል፣ ሁለቱ ገጻቸው ተጣብቋል፣ የካርዶቹ ቀለም ታጥቦ ሄዷል። ፀሐይ ላይ ላስጣቸው ወይስ በካውያ ልተኩሳቸው? ደግሞ ነገ ቅዳሜ ነው፣ ባዶዋን እንዳትታይ ምን ልተካባት? ቶሎ በሉ!

እንቦጭ ነቃይ፦
የምን መደርደሪያ? የምን ካርድ? የት ነሽ? ጣና ሞልቶ ገባ እንዳትይኝ ብቻ።

የመደርደሪያዋ፦
ይቅርታ፣ ደንግጬ ነው። ባሕር ዳር ነኝ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው የምሠራው። በሩ አጠገብ «እኔ የወደድኳቸው» የምትል አንዲት መደርደሪያ አለችኝ። 11 መጻሕፍት ነበሩባት፣ በእያንዳንዱ ላይ ለምን ዓይነት ሰው እንደሚሆን በእጄ ጽፌ ሰክቻለሁ። ካርድ ያልኩት እሱን ነው።

ጋሽ ብራና፦
ልጄ፣ አባቶቻችን መጽሐፍ እንዴት እንደሚያዝ ያውቁ ነበር። ጣና ደሴት ላይ ያለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ሂጂና እዪ። ብራናው በእንጨት ገበታ ተደጉሶ፣ ማኅደሩ ውስጥ ገብቶ፣ ስንት መቶ ክረምት አሳልፏል። እናንተ ግን በሐምሌ ወረቀት ከቆርቆሮ ሥር ደርድራችሁ ዝናብ መታን ትላላችሁ። ጥፋቱ የዝናቡ አይደለም።

እንቦጭ ነቃይ፦
ጋሼ፣ ክብራን ሴት አይገባበትም እኮ፣ በየት በኩል ገብታ ትየው? የጠየቀችዎት ደግሞ ስለ ነገ ጠዋት ነው።

ሰላም ለጣና፦
ፀሐይ ላይ አስጫቸው፣ በግማሽ ቀን ይደርቃሉ። እኔ ሁሌ እንደዚያ ነው የማደርገው።

የፖሊ ግቢ ልጅ፦
ፀሐይም ካውያም ተዪ! ፀሐይ ወረቀቱን ያጎብጠዋል፣ ጀርባው ላይ ያለውን ሙጫም ይሰነጥቀዋል። ይልቅ ለያቸው። ትንሽ የረጠቡትን በቁማቸው አቁመሽ ገጻቸውን በትንሹ ከፈት አድርጊ፣ ቬንትሌተር ከራቅ ያለ ቦታ ይንፈስባቸው። በየጥቂት ገጹ ሶፍት ወይም ምንም ያልተጻፈበት ነጭ ወረቀት እያስገባሽ፣ ሲረጥብ ቀይሪው። ጋዜጣ እንዳታስገቢ፣ ቀለሙ ይለቃል። የራሱትን ግን ዛሬ አትጨርሺያቸውም፣ በዚህ እርጥበት ሁለት ቀን ካለፋቸው ሻጋታ ይይዛቸዋል። እነሱን አንድ በአንድ በፌስታል ጠቅልለሽ ፍሪዘር ውስጥ ክተቺ። አይድኑም፣ ግን እንዳሉ ይቆዩሻል፤ ከዚያ ሁለት ሁለቱን እያወጣሽ ታደርቂያለሽ። የተጣበቁትን በግድ እንዳትከፍቺ። ወረቀታቸው የሚያብለጨልጭ ነው?

ሰላም ለጣና፦
ፀሐይ ይሻላል። ፍሪዘር የሥጋ ነው።

የመደርደሪያዋ፦
አንዱ የሕፃናት ሥዕል ያለበት ነው፣ ያብለጨልጫል። ፍሪዘር ግን ከየት አባቴ ላምጣ?

የፖሊ ግቢ ልጅ፦
ስለዚህ እሱን አስቀድመሽ ክተቺ። እንደዚያ ዓይነት ወረቀት ተዘግቶ ከደረቀ ሲሚንቶ ነው።

እንቦጭ ነቃይ፦
ባሕር ዳር ተቀምጠሽ ፍሪዘር ከየት ትያለሽ? ዓሣ ቤት ሁሉ አለ። በአምባዛና በቆሮሶ መካከል ይተኛሉ፣ አንባቢውም በጠረናቸው ያውቃቸዋል።

ነጻ አንባቢ፦
እኔ ግን የማይገባኝ፣ አንቺ ማነሽና ለሰው መጽሐፍ የምትመርጪው? ሥራሽ የተጠየቅሽውን ማውጣት ነው። መደርደሪያዋ ባዶ ብትሆን ምን ይጎድላል? ሰው ራሱ ይፈልግ።

የመደርደሪያዋ፦
እጄ ሶፍት ውስጥ ነው ግን ልመልስልህ። አንድ ባጃጅ ነጂ መጣና «አጭር አጭር ነገር ስጪኝ፣ ተራ ስጠብቅ ነው የማነበው» አለኝ። ካታሎግ ውስጥ «ተራ ስጠብቅ» የሚል ክፍል የለም። የመንግሥቱ ለማን «የአባቶች ጨዋታ» ሰጠሁት፣ በሳምንቱ ጓደኛውን ይዞ መጣ። አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ደግሞ የድሮ መጽሐፍ ያንገሸግሸኛል አለችኝ። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን «ልብ ወለድ ታሪክ» አውጥቼ፣ ባለታሪኳ ጦቢያ ወንድ መስላ እንደምትሄድ ብቻ ነገርኳት። በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመ፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ መሆኑን አልነገርኳትም፣ ብነግራት ትታው ትሄድ ነበር። ጸሐፊው ከዚህ ማዶ የዘጌ ልጅ መሆኑን ስትሰማ ግን ዓይኗ ፈጠጠ። የረጠበውም እሱ ነው፣ ያቃጠለኝ።

ነጻ አንባቢ፦
እሺ የባጃጁን ተቀበልኩ። የልጅቷን ግን ዋሽተሻታል ማለት ነው።

የመደርደሪያዋ፦
አልዋሸሁም፣ አስቀረሁ።

አቸፈሬው፦
ወደ ጥያቄው እንመለስ። የአቤ ጉበኛን «አልወለድም» አድርጊ። የአገራችን ሰው ነው። ማኅፀን ውስጥ ሆኖ አልወጣም ብሎ የሚሟገት ፅንስ ከየት ይገኛል? መጽሐፉ ታግዶ እንደነበር ካርዱ ላይ ጻፊ፣ ወጣቱ ይሻማበታል።

የመደርደሪያዋ፦
ጥሩ! ሌላ ቅጂ መጋዘን አለን። ተመርቆ ሥራ ላጣ አንድ ልጅ ደግሞ የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» አስቤ ነበር፣ በየቀኑ ይመጣል።

እንቦጭ ነቃይ፦
ኦሮማይ ማለት አበቃ፣ አከተመ ማለት አይደል? ሥራ ላጣ ልጅ «አበቃልህ» የሚል መጽሐፍ ታሸክሚዋለሽ?

ጋሽ ብራና፦
እንኳን ያ ልጅ፣ እኔም ዓይኔ ደክሞ ፊደሉ ጠፍቶብኛል። ለእንደኔ ያለው ምን አስቀምጠሻል?

የመደርደሪያዋ፦
ጋሼ፣ ለእርስዎማ ንባብ ሳይሆን ማዳመጥ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር» የልጅ ልጅዎ ስልክ ላይ ያስጭንልዎ። ጉዱ ካሳ ሲናገር በጎጃምኛ ነው የሚሰሙት።

ጋሽ ብራና፦
እሱንስ ያኔም ሰምቼዋለሁ። ደግሜ እሰማለሁ።

የመደርደሪያዋ፦
ዓሣ ቤቱ እሺ አለኝ! አራት መጻሕፍት በፌስታል አስገባሁ፣ ጦቢያም ውስጥ ናት። ሴትየዋ «ለስንት ሰው ነው የሚጠበሰው?» አለችኝ። አሁን ካርዶቹን እንደገና ልጽፍ ነው። መብራት እንዳይጠፋ ጸልዩልኝ።

የፖሊ ግቢ ልጅ፦
ከጠፋ ፍሪዘሩን አትክፈቱት፣ ቅዝቃዜውን ይዞ ይቆያል። ስታወጪያቸው ጻፊልኝ። ሊደርቁ ትንሽ ሲቀራቸው ደግሞ ክብደት ጫኚባቸው፣ ካልሆነ እንደ ድርቆሽ ይጠቀለላሉ።

ሰላም ለጣና፦
ፀሐይ አልኩ እኮ።

አቸፈሬው፦
አንቺ፣ ሰኞ ሆነ። ጦቢያ ወጣች?

አዲስ ገቢ፦
ይቅርታ ጣልቃ ልግባና፣ እኔ ቤት የረጠበ መዝገበ ቃላት አለ፣ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፣ አረንጓዴ ነገር አብቅሏል። እሱም ፍሪዘር ይገባል?